የድሮ አውሮፕላንን ከፎቶ መለየት፦ ከየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ፍንጭ ይጀመር?

ብዙ ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ አይጠፋም። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ከኋላቸው አውሮፕላን አለ፤ ጅራቱ ወይም አፍንጫው ተቆርጦ ቀርቷል። ፎቶ አንሺው ለሰዎቹ እንጂ ለአውሮፕላኑ ግድ አልነበረውም። አንዴ «ይሄ ደግሞ የምን አውሮፕላን ነው?» ብሎ የጀመረ ሰው ግን በቀላሉ አይተወውም። ሱስ ነው።

ጀማሪውን ሁለት ምርጫ ይጠብቀዋል። የየትኛውን ዘመን ፎቶ ልያዝ? በምንስ ልለየው? ቅርጹን አይቼ፣ ቁጥሩን አንብቤ፣ ጀርባውን ገልብጬ፣ ሰው ጠይቄ ወይስ ለስልኬ ጥዬው? ሁሉም መንገድ የሚያዋጣበት ፎቶ አለ፤ የሚያሳስትበትም አለ። እዚህ የማነጻጽረው አገራችን ላይ የተነሱትን ይዤ ነው። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የዘመን አቆጣጠር ነገር ወደ ኋላ ላይ ጉድ ያሳየናል።

የአየር መንገዱ ፎቶዎች፦ ለጀማሪ

ምረጥ ብባል ጀማሪን የምልከው ወደዚህ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዓይነቶቹ ጥቂት ናቸው፣ መልሱም ይረጋገጣል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ። የበረረው ዲሲ-3 ነበር፤ በወታደራዊ ስሙ ሲ-47። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮንቬር 240 መጣ። በ1958 ዲሲ-6ቢ፣ በ1962 ደግሞ ጄቱ ቦይንግ 720ቢ ተከተሉ። እነዚህን አራቱን የለየ ሰው የዚያን ዘመን የቤተሰብ ፎቶ አብዛኛውን ለየ ማለት ነው።

መጀመሪያ ጎማውን እዩ። ዲሲ-3 መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱን ያወርዳል፤ ትንሿ ጎማ ከኋላ ናት። ስለዚህ አፍንጫው ሽቅብ ይመለከታል፣ ተሳፋሪውም ወደ መቀመጫው ዳገት ይወጣል። ኮንቬርም እንደሱ ባለ ሁለት ሞተር ነው፤ ግን የፊት ጎማ አለው፣ ደልደል ብሎ ነው የሚቆመው። ፎቶው ላይ አፍንጫው ተቆርጦ መስኮቶቹ ብቻ ቢታዩ እንኳ ግድ የለም። የመስኮቶቹ መስመር ከመሬቱ ጋር ትይዩ ነው ወይስ ያዘነበለ? እሱ ይበቃል።

ዲሲ-6ቢ አራት ፕሮፔለር አለው። ታላቅ ወንድሙ ዲሲ-4ም እንደዚያው ነው፤ የሌላ አገር ዲሲ-4 ደግሞ አዲስ አበባ ቆሞ ፎቶ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሲምታቱባችሁ መስኮቱን እዩ። የዲሲ-4 ክብ ነው፤ የዲሲ-6 አራት ማዕዘን።

አንድ ችግር አለ። ዲሲ-3ን መለየት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ዘመኑን መናገር ግን አይቻልም። አየር መንገዱ ለአሥርት ዓመታት አብሮት ኖሯል። የ1940ዎቹና የ1960ዎቹ ዲሲ-3 በቅርጹ ያው ነው። ያኔ ዓይናችሁን ከአውሮፕላኑ አንስታችሁ ወደ ሜዳው ውሰዱ። የአዲስ አበባው የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፊያ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ልደታ ነበር። ጄት ሲመጣ ሜዳው አጠረና ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ቦሌን የሚያሳይ ፎቶ ከዚያ በኋላ የተነሳ ነው ማለት ነው።

የጣሊያን ዘመን፦ ለትዕግሥተኛ

እዚህ ፎቶው ሞልቷል። የጣሊያን ወታደር ካሜራ ይወድ ነበር፤ አልበሞቹ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ በጨረታ ይሸጣሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ልባችሁን አዘጋጁ። ከአውሮፕላኑ ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ የሚገኘው ሁልጊዜ አውሮፕላን አይደለም።

የዚህ ዘመን ዋና ፈተና ባለ ሦስት ሞተሮቹ ናቸው። ጣሊያኖች ሦስት ሞተር ይወዱ ነበር። አንዱ አፍንጫ ላይ፣ ሁለቱ ክንፍ ላይ። ላላየ ሰው ሁሉም አንድ ነው። ግን ሦስት ጥያቄ በቅደም ተከተል ከጠየቃችሁ ይለያያሉ።

አንደኛ፣ ክንፉ ከላይ ነው ከታች? ክንፉ ከአካሉ በላይ ከሆነ ካፕሮኒ 101 ወይም ካፕሮኒ 133 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የ101ዱ ሞተሮች ራቁታቸውን ናቸው፤ ሲሊንደሮቹ ይቆጠራሉ። የ133ቱ ክብ ሽፋን ለብሰዋል፣ ጎማዎቹም ተሸፍነዋል። ይህ ልዩነት ዘመንንም ይነግራል። 133 አገልግሎት የጀመረው በ1935 ስለሆነ፣ እሱ ያለበት ፎቶ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። እዚህ ቦታ የሆላንዱ ፎከር 7 ጣልቃ ሊገባ ይችላል፤ እሱም ከላይ ክንፍ ነው። ፎከር ግን በአንድ ሞተርም በሦስትም ተሠርቷል፤ ባለ ሦስቱ ከሆነ ከተረጋገጠ ፎቶ ጋር አስተያዩት።

ሁለተኛ፣ ክንፉ ከታች ከሆነ ጎማው ይታጠፋል ወይስ አይታጠፍም? ሳቮያ ማርኬቲ 81 ጎማው አይታጠፍም፤ እግሮቹ ወፋፍራም ሱሪ የለበሱ ነው የሚመስሉት። ሳቮያ ማርኬቲ 79 ግን ጎማውን ያጥፋል፤ ከአብራሪው ክፍል ኋላ ጀርባው ላይ ጉብታ አለው። ጉብታዋን ካያችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ቆዳው ለስላሳ ነው ወይስ ሸንተረር? እንደ ቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ መስመር መስመር ካለው የጀርመኑ ዩንከርስ ነው፤ በሦስት ሞተር ከሆነ ዩ-52። አሁን ወጥመዱን ተመልከቱ። ዩ-52 ያየ ሁሉ «የጀርመን ጦር!» ይላል። ግን በ1940 እና 41 ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ዩ-52 ያበርሩ የነበሩት ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ከጦርነቱ በፊት ለአየር መንገዳቸው የተገዙትን። ስለዚህ ዓይነቱን መለየትና ባለቤቱን መለየት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

ለጣሊያን ወታደራዊ አውሮፕላን አንድ ግሩም የዘመን ምልክት አለ፤ የጅራቱ መሪ። እስከ 1940 ድረስ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቁም መስመር ተቀብቶበት ነበር። በ1940 ጣሊያን ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ በነጭ መስቀል ተተካ። ጅራቷ ብቻ የታየች ቁራጭ ፎቶ እንኳ በዚህ ወደ ሁለት ትከፈላለች፤ የወረራው ዘመን ወይስ የመጨረሻው ዘመቻ።

ከ1929 እስከ 1936፦ ጥቂት ፎቶ፣ ብዙ ክርክር

ብርቅዬ የሚባለው ይሄ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ የፈረንሳዩ ፖቴዝ 25። ብዙም ሳይቆይ የጀርመኑ ዩንከርስ ደብሊው 33 ተከተለው። ሁለቱን ማምታታት ይከብዳል። ፖቴዝ በእንጨትና በጨርቅ የተሠራ ባለ ድርብ ክንፍ ነው። ዩንከርስ ብረት ነው፤ አንድ ክንፍ፣ ያውም ከታች።

ፖቴዙን ከሌላ ባለ ድርብ ክንፍ መለየት ነው ሥራው። የታችኛው ክንፉ ከላይኛው በጣም ያጥራል። ለምሳሌ የእንግሊዙ ጂፕሲ ሞዝ፣ ትሪኒዳድ ተወልዶ ኒው ዮርክ የኖረው አብራሪ ሁበርት ጁልያን ከንግሥ በዓሉ በፊት በ1930 የከሰከሰው ዓይነት ማለቴ ነው፣ ሁለቱ ክንፎቹ እኩል ለማለት ምንም አይቀራቸውም፤ አካሉም ትንሽ ነው። የጣሊያኑ ሮ-1 ግን የታች ክንፉ እንደ ፖቴዝ አጭር ነው። እዚህ ላይ ሰው ወደ አፍንጫ ይሮጣል፤ የሮ-1 ሞተር ክብ ነው፣ ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን የተደረደሩ ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን በፖቴዝ 25 ላይ በየአገሩ የተለያየ ሞተር ተገጥሟል፤ ክብም አለበት። ስለዚህ አፍንጫ ብቻውን አይፈርድም። ጅራቱን፣ የክንፍ ምሰሶዎቹን፣ የጎማውን እግር አንድ በአንድ ከተረጋገጠ ፎቶ ጋር አስተያዩ።

በዩንከርስ በኩል ግን አፍንጫ ይፈርዳል። ደብሊው 33 በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሮቹ በመስመር የተደረደሩ ሞተር ስላለው አፍንጫው ቀጥና ረዘም ይላል። ወንድሙ ደብሊው 34 ደግሞ በክብ ሞተር ነው። ሌላው አካላቸው አንድ ነው ቢባል ይቀላል። በነገራችን ላይ በ1928 ሰሜን አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሳታርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገረችው አውሮፕላን «ብሬመን» ደብሊው 33 ነበረች። የዓለም ሰብሳቢ ሁሉ የሚያውቃት እሷን ስለሆነ ማነጻጸሪያ ፎቶ አታጡም።

ከዚህ ዘመን ሁሉም ሰው አለኝ ሊል የሚፈልገው የ«ፀሐይ»ን ፎቶ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በ1935 አዲስ አበባ ላይ የሠራት አውሮፕላን ናት። ጣሊያኖች ወሰዷት። ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆይታ በ2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። አሁን ዋናዋ ስላለች «ይህች ፀሐይ ናት» የሚል ፎቶ ሁሉ ከእሷ ጋር ሊመሳከር ይችላል። የሦስት ቀለም ሰንደቅ ስላለባት ብቻ ፀሐይ አትበሏት። የሌሎቹም ላይ ነበረ።

ሐቁን ለመናገር፣ በዚህ ዘመን የሚጀምር ሰው በቶሎ ይሰለቻል። ሌላውን ዘመን ሠርታችሁ ዓይናችሁ ሲሰላ ተመለሱበት።

አየር ኃይሉን በአጭሩ ልለፈው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደብረ ዘይት ላይ የስዊድኑ ሳብ 17 ነበር፤ ኋላ የእንግሊዙ ፋየርፍላይ ተጨመረ። ሳብ አፍንጫው ክብ ነው፤ ጎማው ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ ክንፉ ሥር ሁለት ትልልቅ ሽፋኖች ይታያሉ። ፋየርፍላይ አፍንጫው ረጅም ነው፤ የኋላው ሰው መቀመጫ ከአብራሪው ተለይቶ ለብቻው ጉልላት አለው። ለሳብ የስዊድን ሙዚየሞች ኢንተርኔት ላይ የለቀቁት ፎቶ ብዙ ይረዳል። ካናዳ ከሸጠቻቸው ፋየርፍላዮች ጥቂቶቹ በ1990ዎቹ ወደዚያው ተመልሰው ሙዚየም ገብተዋል።

ፍንጮቹን እናወዳድር

የአውሮፕላን ቁጥር ከተነበበ ከሁሉ ይበልጣል። ክርክር ይዘጋል። በአየር መንገዱ የመጀመሪያ ዓመታት ምዝገባው ኢቲ (ET)፣ ቲ (T)፣ ከዚያ ቁጥር ነበር፤ በኋላ ኢቲ ቀጥሎ ሦስት የላቲን ፊደል ሆነ። በ1962 የመጡት ቦይንጎች ኢቲ-ኤኤጂ እና ኢቲ-ኤኤኤች ነበሩ። ስለዚህ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ባይነበብ እንኳ አጻጻፉ ብቻ ዘመኑን ያጠብባል። የጣሊያን ወታደራዊ አውሮፕላን ከሆነ ኤምኤም (MM) የሚል ፊደል ቀድሞት ቁጥር ፈልጉ። ድካሙ ግን የቤተሰብ ፎቶ ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ባርኔጣ ሥር ነው ያለው።

ቅርጽ ሁልጊዜ አለ። ችግሩ «ይመስላል» የሚለው ቃል ነው። የሚመስለውን ከመፈለጋችሁ በፊት ሊሆን የማይችለውን አስወጡ። ክንፍ ስንት? ከላይ ከታች? ሞተር ስንት? ክብ ነው በመስመር? ጎማው ይታጠፋል? ትንሿ ጎማ ፊት ናት ኋላ? ይህን ስትጨርሱ ከመቶ ዓይነት ሦስት አራት ይቀራል። ፎቶ ለማነጻጸር የሚኬደው ያኔ ነው።

ቀለም ግን አትመኑ። ብዙው የድሮ ፊልም ቀይን አያይም ነበር፤ ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል። ቢጫም ጠቆር ይላል፤ ሰማያዊ ደግሞ ነጭ ይሆናል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባ ጅራት በእንዲህ ያለ ፊልም ሲነሳ ሦስቱም ተቀራርበው አንድ ጥቁር ነገር ሊመስሉ ይችላሉ። «ሰንደቅ የለበትም፣ ስለዚህ የኛ አይደለም» ብላችሁ እንዳትዘጉት። በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ ፎቶ ደግሞ ከነጭራሹ ማስረጃ አይደለም። ያ ቀለም ግምት ነው።

የፎቶው ጀርባ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ እኔ ከሁሉ በፊት የማየው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የዲሲ-3 ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ «ሚያዝያ 1939» ተጽፏል። የውጭ አገር ሰብሳቢ ይህን ቢያይ ግራ ይገባዋል፤ በእሱ 1939 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚባል ነገር አልነበረምና «ሐሰት ነው» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ግን የ1947 ጸደይ ነው፤ አየር መንገዱ ሥራ ከጀመረ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ልክ ነው፣ ይገጥማል። የጣሊያን ፎቶ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ከዓመቱ ጎን ወይም በዓመቱ ፈንታ የሮማ ቁጥር ይጻፋል። እሱ የፋሽስቱ መንግሥት ዘመን ቆጠራ ነው፤ ከጥቅምት 1922 መጨረሻ የሚነሳ። አሥራ አራት ካለ ከጥቅምት 1935 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1936 መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው፤ ወረራው የተካሄደበት ዓመት ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር ፎቶው ተገልብጦ የታተመ እንዳይሆን አረጋግጡ። ፊደል ካለ ወዲያው ይታወቃል። ከሌለ የወንዶቹን ኮት እዩ፤ የወንድ ኮት የግራው ጎን በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው። ሲ-47 ከሆነ ሰፊው የጭነት በር ከኋላ በግራ ጎኑ ነው። በቀኝ ከታያችሁ ኮቱን ደግማችሁ እዩ።

ጉግል ሌንስን የመሳሰሉትስ? ለዲሲ-3 ግሩም ናቸው፤ ዲሲ-3 በዓለም ላይ ስንት ፎቶ እንዳለው አስቡት። ብርቅ ወደሆነው ስትሄዱ ግን ብዙ ፎቶ ወዳለው ዘመዱ ያደላሉ። ካፕሮኒ ሰጥታችሁት ዩ-52 ቢላችሁ አትደነቁ። እኔ እንደ ጥቆማ እቀበላቸዋለሁ፤ እንደ መልስ አልቀበላቸውም። የደበዘዘ ፎቶ «የሚያጠሩ» መተግበሪያዎች ይብሳሉ። ያልነበረ ፊደል ፈጥረው ይጽፋሉ፤ እናንተ ደግሞ ቁጥር አገኘሁ ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ከዚያ ይልቅ ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ ትንሽ ከሆነ በ1200 ስካን አድርጉት። ስካነር ከሌለ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሱት። አጉልቶ ማየት ብቻውን ብዙ ይገልጣል።

የቀረው ሰው መጠየቅ ነው። የቀድሞ ቴክኒሻን፣ አስተናጋጅ፣ ወታደር በየሰፈሩ አለ። ከማንኛውም መጽሐፍ የሚበልጥ ነገር ያውቃሉ፤ ግን አጠያየቁ ይወስነዋል። «ጋሼ፣ ይሄ ኮንቬር ነው አይደል?» ካላችሁ «አዎ ልጄ» ይሏችኋል፤ ይሉኝታም አለ፣ መርሳትም አለ። ስሙን እናንተ አትጥሩ። «ስትገቡ በየት በኩል ነበር? ወደ ወንበሩ ስትሄዱ ዳገት ነበረው? ስንት ሰው ትይዝ ነበር? ከየት ተነስታችሁ የት አደራችሁ?» በሉ። ዳገት ነበረው ካሉ ዓይነቱን ሳይናገሩ ነግረዋችኋል። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስምም በዚያው ጠይቁ፤ አውሮፕላኑን ነገም ሌላ ሰው ሊለየው ይችላል፣ ሰዎቹን ግን የሚያውቃቸው እሳቸው ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ያገኛችሁትን ስትመዘግቡ ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ በለስላሳ እርሳስ ወይም በሌላ ወረቀት ይሁን። እርግጡንና ግምቱን ለዩት። «ዓይነት፦ ኮንቬር 240፣ በፊት ጎማውና በሞተሮቹ፤ እርግጥ። ቦታ፦ ልደታ፣ ከኋላ ባለው ሕንፃ፤ ግምት። ዘመን፦ ከጀርባው ጽሑፍ፣ 1945 ዓ.ም.።» ዓ.ም. የምትለዋን አትርሷት።